የብቃት ቁጥሩና ያልተጻፈው አሠራር

እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ ሊንዝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከኔዘርላንድ ባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ በፖሊመር ሶላር ሴል ጥናት ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በጽሑፉ የተነጻጸሩት ሴሎች የተሠሩት ከአንድ ፖሊመርና ከአንድ የፉለሪን ውሁድ ነበር። የተለወጠው ሁለቱ ቁሶች የሟሙበት ፈሳሽ ነው፤ ቶልዊን ቀርቶ ክሎሮቤንዚን ገባ። የኃይል ልወጣ ብቃቱም ከ0.9 በመቶ ወደ 2.5 በመቶ ከፍ አለ። አዲስ ሞለኪውል አልተቀመመም፤ ብቃቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ።

ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ከሃያ ዓመታት በላይ አልፈዋል። ይሁን እንጂ በመስኩ የሚወጡ የመመረቂያ ጽሑፎችና አጫጭር ጥናቶች ሲነበቡ የሴሉ አሠራር እንደ ጓዳ ሥራ ተቆጥሮ፣ ለአንባቢው የሚቀርበው በገበታው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ሆኖ ይገኛል። የፖሊመሩ ቅመማና አወቃቀር ገጾችን ይይዛል፤ ፖሊመሩ ወደ ስስ ንጣፍ የተለወጠበት ሁኔታ ግን በሦስት ወይም በአራት መስመር ይታለፋል። ይህ ልማድ የአጻጻፍ ስልት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። በእርግጥ ግን የጥናቱን መደምደሚያ የሚያናጋ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም ከፖሊመር የተሠራ ሴል የሚያሳየው ብቃት የፖሊመሩ ብቻ ባሕርይ ሆኖ አያውቅም። ጉድለቱ በየትኛውም አገር ያለ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቿ በደጋ ለሚገኙባት ኢትዮጵያ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሌላው የበለጠ ነው።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ብርሃን በንጣፉ ውስጥ ከተዋጠ በኋላ የሚሆነውን መከተል ይጠቅማል። በሲሊከን ውስጥ የብርሃኑ ጉልበት ኤሌክትሮኑንና ትቶት የሄደውን ክፍተት በቀላሉ ያላቅቃቸዋል። በፖሊመር ውስጥ ግን ሁለቱ ተሳስበው ኤክሳይቶን የሚባል ጥንድ ሆነው ይቆያሉ፤ ይህ ጥንድ ዕድሜው ከማለቁ በፊት ሊጓዝ የሚችለው 10 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ርቀት ውስጥ ከኤሌክትሮን ተቀባይ ቁስ ጋር ካልተገናኘ የተዋጠው ብርሃን ኤሌክትሪክ ሳይሆን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ አለን ሂገርና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት መፍትሔ ሰጪውን ፖሊመርና ተቀባዩን ፉለሪን በአንድ ሙሙት ቀላቅሎ፣ ሁለቱ እርስ በርስ የተጠላለፉበትን ንጣፍ መሥራት ነበር። መፍትሔው ግን ሁለት የሚጻረሩ ጥያቄዎችን አስከተለ። ኤክሳይቶኑ በቅርብ ድንበር እንዲያገኝ ሁለቱ ቁሶች በደቃቁ መቀላቀል አለባቸው፤ የተላቀቁት የኤሌክትሪክ ሙሎች ወደየኤሌክትሮዳቸው እንዲደርሱ ደግሞ እያንዳንዱ ቁስ ያልተቆራረጠ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ከልክ በላይ የተዋሐደ ቅይጥ መንገድ ያሳጣል፤ ከልክ በላይ የተለያየ ቅይጥ ድንበር ያሳጣል።

ይህን ሚዛን የሞለኪውሉ ቀመር ብቻውን አይወስነውም። ሙሙቱ በመስታወቱ ላይ በሚደርቅባቸው ሰከንዶች ውስጥ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች ይደራጃሉ፣ ፉለሪኑ ይሰባሰባል፣ አሟሚው ተንኖ ሲያልቅም ሁሉም በደረሱበት ይቆማሉ። የሚገኘው ንጣፍ ወደ መጨረሻው መረጋጋት ሲጓዝ በመንገድ ላይ የተያዘ ነው። የተያዘበትን ቦታ የሚወስኑት የአሟሚው የትነት ፍጥነት፣ የሙሙቱ ሙቀት፣ የሳህኑ ሽክርክሪት፣ የአየሩ ጠባይና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማሞቅ ናቸው። ሊጡ አንድ ሆኖ ሳለ ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ በዚያም ምክንያት ጤፉን የሚወቅስ ባለሙያ የለም። በፖሊመር ጥናት ግን ጤፉ ሲወቀስ ማየት የተለመደ ነው።

ፒ3ኤችቲ የሚባለው ፖሊመር የዚህ ሁሉ ዋና ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚያው ከሊንዝ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፒ3ኤችቲና ፒሲቢኤም የሚባለው የፉለሪን ውሁድ የተቀላቀሉበት ሴል ምንም ሳይሞቅ የሰጠው ብቃት 0.4 በመቶ ብቻ ነበር። ሴሉ በ75 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲሞቅ ወደ 2.5 በመቶ፣ በሚሞቅበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 3.5 በመቶ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሳንታ ባርባራ ኤሌክትሮዱ ከተለበጠ በኋላ ሴሉን በ150 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በማሞቅ ወደ 5 በመቶ የተጠጋ ብቃት ተገኘ። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የያንግ ያንግ ቡድን ሌላ መንገድ ሄደ፤ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ያለውን ዳይክሎሮቤንዚን መርጦ፣ ንጣፉ ገና እርጥብ ሳለ ሽክርክሪቱን አቁሞ፣ በተከደነ የመስታወት ሳህን ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተወው። የተገኘው ብቃት 4.4 በመቶ ነበር። በዚያ ጥናት የመድረቂያው ጊዜ ራሱ የሚለካ፣ የሚለዋወጥና ከውጤቱ ጋር የሚነጻጸር መጠን ሆኖ ቀረበ። ጊዜውን ለመለካት ያስፈለገው መሣሪያም ዓይን ነበር፤ ፒ3ኤችቲ በሙሙት ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ሲደርቅና ሲደራጅ ወደ ሐምራዊ ስለሚጠቁር፣ ለውጡን ማንም ቆሞ ሊያየው ይችላል።

ከ0.4 እስከ 5 በመቶ ያለው ርቀት ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቁሱ በስሙ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ ላይ ፒ3ኤችቲን በአንድ አሠራር ብቻ ሞክሮ የ0.4 በመቶ ውጤት ያገኘ ተማሪ ቢኖር፣ ፖሊመሩ ለሶላር ሴል እንደማይበጅ ጽፎ ሊመረቅ ይችል ነበር። ኮሚቴውም ያጸድቅለት ነበር።

በቀጣዮቹ ዓመታት የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሳንታ ባርባራ በወጣ ጥናት፣ በሙሙቱ ላይ ጥቂት ኦክቴንዳይታዮል በመጨመር ብቻ የአንድ ፖሊመር ብቃት ከ2.8 ወደ 5.5 በመቶ ከፍ አለ። ተጨማሪው ኬሚካል ፉለሪኑን ያሟማል፣ ፖሊመሩን ግን እምብዛም አያሟማም፤ ከዋናው አሟሚ ዘግይቶ ስለሚተንም ፖሊመሩ ቀድሞ እንዲደራጅ ጊዜ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሆንግ ኮንግ የተገኘው የ10.8 በመቶ ውጤት ደግሞ ፖሊመሩ በሙቅ ሙሙት ውስጥ እየተበተነ፣ ሲቀዘቅዝ እየተሰባሰበ በሚያሳየው ባሕርይ ላይ የቆመ ነበር፤ በዚያ ጥናት የሙሙቱና የመስታወቱ ሙቀት የውጤቱ ዋና መሪ ነው።

የሞለኪውል ንድፍ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዋይ6 የተባለው ኤሌክትሮን ተቀባይ በ15.7 በመቶ ብቃት ብቅ ባለ ጊዜ መስኩን የገፋው ኬሚስትሪ ነበር፤ ዛሬ ከ19 በመቶ በላይ የደረሱት ሴሎችም የዚያ ኬሚስትሪ ልጆች ናቸው። ነገር ግን እነዚህም ቢሆኑ ከአሠራር ነፃ አልወጡም። ብቃቱ ከፍ ባለ ቁጥር በተጨማሪው ኬሚካል መጠን ወይም በማሞቂያው ጥቂት ዲግሪ ልዩነት የሚጠፋው ነገር በዚያው ልክ ይበዛል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ የተለመደው የመመረቂያ ጽሑፍ አንቀጽ ምን ይላል? ፖሊመሩና ፉለሪኑ በክሎሮቤንዚን ሟምተው ሌሊቱን ሲማሰሉ አደሩ፤ ሙሙቱ በደቂቃ 1,000 ዙር በሚሽከረከር መስታወት ላይ ፈሰሰ፤ ንጣፉ በ150 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ሞቀ፤ አሉሚኒየም በቫክዩም ተለበጠ። አንቀጹ ውሸት የለበትም። የሚጎድለው ግን ብዙ ነው። ሙሙቱ ሲፈስ ሙቀቱ ስንት ነበር? ሽክርክሪቱ ሲቆም ንጣፉ ደርቆ ነበር ወይስ እርጥብ ነበር? ከዚያ እስከ ማሞቂያው ድረስ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ተከድኖ ወይስ ተገልጦ? የአየሩ እርጥበትስ? ፖሊመሩ ከየትኛው ዙር ቅመማ የመጣ ነው? የሞለኪውላዊ ክብደቱ ልዩነት ብቻውን ሙሙቱን ወፍራም ወይም ቀጭን በማድረግ የንጣፉን ውፍረት ይለውጣልና።

ከዚህ አንቀጽ ቀጥሎ የሚመጣው ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የላቀውን ሴል ብቻ ያሳያል። በአንድ መስታወት ላይ ከተሠሩት በርካታ ሴሎች መካከል አንዱ 2.1 በመቶ ሰጥቶ የቀሩት ከ0.8 እስከ 1.6 በመቶ ቢሆኑ፣ ወደ ሰንጠረዡ የሚገባው 2.1 ይሆናል። ሁለተኛው ፖሊመር 1.7 ካሳየ አንደኛው ይበልጣል ይባላል። በአንድ ቀንና በአንድ እጅ የተሠሩ ሴሎች መካከል ያለው መበታተን በሁለቱ ፖሊመሮች መካከል ካለው ልዩነት ሲሰፋ ንጽጽሩ ምን ትርጉም እንደሚኖረው የሚጠይቅ ፈታኝ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኔቸር ፎቶኒክስ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2015 ለሶላር ሴል ጽሑፎች የማረጋገጫ ዝርዝር እንዲሞላ ማስገደድ የጀመረው ይህን መሰሉን ድክመት ለመቀነስ ነው። ዝርዝሩ የሴሉን ስፋት፣ የብርሃን ምንጩን ልኬትና የናሙናዎቹን ብዛት ይጠይቃል። መልካም ነው። ንጣፉ ስንት ሰከንድ ውስጥ እንደደረቀና በምን ግፊት ሥር እንደደረቀ ግን እርሱም አይጠይቅም።

ግፊት የሚለው ቃል እዚህ ላይ በአጋጣሚ የገባ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሁሉ ቆላ ካለ ዘመዱ ይልቅ ለምን ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅ ያውቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና። ከተማዋ ላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በመጽሐፍ 61 ዲግሪ ተብሎ የተጻፈው የክሎሮፎርም የፍላት ነጥብ በዚህ ግፊት ሲሰላ 53 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የትነቱ ፍጥነት ነው። የአሟሚው እንፋሎት በአየር ውስጥ የሚሰራጭበት ፍጥነት ከግፊቱ ጋር ተገላቢጦሽ ዝምድና ስላለው፣ በቆመ አየር ውስጥ በተመሳሳይ ሙቀት የሚደርቅ ንጣፍ በአዲስ አበባ በሦስት አሥረኛ ያህል ፈጥኖ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። በሚሽከረከር መስታወት ላይ የአየሩ ፍሰት ውጤቱን በከፊል ስለሚያቻችለው ጭማሪው ወደ 15 በመቶ ዝቅ ይላል። እነዚህ ከቀላል ስሌት የሚገኙ ግምቶች ናቸው፤ በቤተ ሙከራ ሊስተካከሉ ይችላሉ። አቅጣጫቸው ግን አያጠራጥርም።

በፖሊመር ሶላር ሴል ታሪክ ትልልቆቹ የአሠራር ቀመሮች የተጻፉት የት ነው? ሳንታ ባርባራና ሆንግ ኮንግ የባሕር ዳርቻ ናቸው፤ ሎስ አንጀለስም ከባሕር የራቀች አይደለችም፤ ሊንዝ ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር እንኳ አትሞላም። በእነዚህ ቦታዎች ተፈትኖ የተጻፈ ቀመር ወደ አራት ኪሎ መጥቶ ቃል በቃል ሲደገም፣ ንጣፉ ቀመሩ ካሰበው በቶሎ ይደርቃል። በቶሎ የደረቀ ንጣፍ በፒ3ኤችቲ ላይ ምን እንደሚያስከትል ከላይ ታይቷል። «በክፍል ሙቀት» የሚለው የተለመደ ሐረግም ሌላ ወጥመድ ነው። ቀመሩን የጻፈው ክፍል 23 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ማሞቂያ የሌለው የአዲስ አበባ ክፍል በሐምሌ ጠዋት ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል። የፒ3ኤችቲ ሙሙት ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ መሰባሰብ ይጀምራሉ፤ ጠዋት የፈሰሰው ሙሙትና ከሰዓት በኋላ የፈሰሰው ሙሙት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የክረምቱ እርጥበትና የበጋው ድርቀት ደግሞ ፔዶት-ፒኤስኤስ በሚባለው ውሃ ወዳድ የመሸጋገሪያ ንጣፍ ላይ የየራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ሴሎቹ የሚሠሩት በናይትሮጅን በተሞላ ግሎቭ ቦክስ ውስጥ ስለሆነ የውጭው አየር አይመለከታቸውም የሚል ነው። መልሱ ግማሹን ብቻ እውነት ይዟል። ግሎቭ ቦክስ ኦክሲጅንንና እርጥበትን ያስቀራል፤ ከፍታን ግን አያስቀርም። የጓንቶቹ ጎማ መቋቋም የሚችለው የግፊት ልዩነት ጥቂት ሚሊባር ብቻ ስለሆነ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ሁልጊዜ ከክፍሉ ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። በአዲስ አበባ የተቀመጠ ግሎቭ ቦክስ የአዲስ አበባ ግፊት ይኖረዋል። ሳጥኑ ውስጥ የተከማቸ የአሟሚ እንፋሎት ካለም ትነቱን በተቃራኒው ያዘገየዋል፤ ሳጥኑ መቼ እንደተጣራ የሚመዘግብ ደግሞ ጥቂት ነው።

ሌላው መልስ ገንዘብ ነው፤ ይህ ደግሞ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። አዲስ ፖሊመር ቀምሞ ጥቂት መቶ ሚሊግራም በእጁ የያዘ ተማሪ ንጣፉን በሃያ ዓይነት አሠራር ሊሞክር አይችልም። ስፒን ኮቲንግ ከፈሰሰው ሙሙት አብዛኛውን በሳህኑ ዙሪያ ይበትነዋል፤ ክሎሮቤንዚን፣ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ የተቀባ መስታወትና ፒሲቢኤም ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ። አኒሊንግ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ የአንድ ሳምንት ድካም አብሮ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ችግሩ በጠና ቁጥር የአሠራር መዝገቡ አስፈላጊነት ይጨምራል። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ለሰባት ደቂቃ የቀዘቀዘበት ናሙና እንኳ ሰባቱ ደቂቃ ከተጻፉለት መረጃ ነው፤ ካልተጻፉለት ግን በሰንጠረዡ ውስጥ የገባ ስውር ስሕተት ይሆናል። ስፒን ኮቲንግን ትቶ በስለት ማንጠፍ ደግሞ ከዚያው ሚሊግራም ብዙ ተጨማሪ ናሙና ያወጣል፤ ወደ ፋብሪካ ኅትመትም ይቀርባል። እዚህ ላይ በዴንማርክ ሪዞ የፍሬደሪክ ክሬብስ ቡድን ሴሎችን እንደ ጋዜጣ በጥቅልል ለማተም ያደረገው ረጅም ጥረት ሊታወስ ይገባል። የዚያ ጥረት ዋና ጥያቄ የላቀ ቁጥር ከማግኘት ይልቅ በተራ አየር ውስጥ፣ በሰፊ ቦታ ላይ፣ ደጋግሞ ተመሳሳይ ንጣፍ ማግኘት ነበር።

ለተማሪው ከሁሉ የሚረክሰው መከላከያ የማመሳከሪያ ሴል ነው። አዲሱ ፖሊመር በሚፈተንበት ቀን ሁሉ፣ ከጎኑ በዚያው ሙሙት ማዘጋጃ፣ በዚያው ማሞቂያና በዚያው እጅ አንድ የፒ3ኤችቲ ሴል ቢሠራ፣ የዕለቱ አየርና የዕለቱ እጅ ምን ያህል እንደሠሩ ይታወቃል። የፒ3ኤችቲው ሴል በዚያ ቀን 1 በመቶ ከሰጠና አዲሱም 1 በመቶ ከሰጠ፣ አዲሱ ፖሊመር ደካማ ነው ማለት አይቻልም፤ ቀኑ ደካማ ነበር። ይህን የሚያደርጉ ጥናቶች አሉ፤ ልማድ ግን አልሆነም።

ጉዳዩ ከአጻጻፍ በላይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተገነባው የፖሊመር ኬሚስትሪ ዕውቀት ቀላል አይደለም። ወንድማገኝ ማሞና ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ቻልመርስ ከማትስ አንደርሰን፣ ከሊንሾፒንግ ደግሞ ከኦሌ ኢንጋኔስ ጋር በመሆን በፖሊፍሎረን ላይ የተመሠረቱ አዳዲስ ፖሊመሮችን ለዓለም አቀፍ መጽሔቶች አብቅተዋል፤ በዚያ ትብብር የተማሩትም ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ተሰማርተዋል። የመቀመም ችሎታው አለ ማለት ነው። አዲስ የተቀመመ ፖሊመር ግን ለሌላ ቦታ አየር በተጻፈ አንድ ቀመር ተፈትኖ «0.6 በመቶ» ከተባለ በኋላ ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፤ ሁለት ዓመት የፈጀው ቅመማም አብሮ ይዘጋል። ከእነዚህ ጠርሙሶች መካከል ስንቱ ቀስ ብሎ ቢደርቅ ኖሮ የተሻለ ይሰጥ እንደነበር ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም፤ የደረቁበት ጊዜ አልተጻፈምና።

አሠራርን ማጥናት ሳይንስ አይደለም፣ ቀመር ማስተካከል ነው የሚለው ሦስተኛ ተቃውሞ ብዙ ቀለም ሊፈስለት አይገባም። ከላይ የተጠቀሱት የ2001፣ የ2003፣ የ2005ና የ2007 ጽሑፎች አንዳቸውም አዲስ ፖሊመርን ዋና ነገራቸው አላደረጉም፤ መስኩ ግን ደጋግሞ የሚመለሰው ወደ እነርሱ ነው። ተቃውሞው የሚመጣው ብዙ ጊዜ አዲስ ሞለኪውል ያልያዘ ጥናት ለዶክትሬት አይበቃም ከሚል ያልተጻፈ ደንብ ነው። ይህን ደንብ የሚያጸኑት አማካሪዎችና የምረቃ ኮሚቴዎች ናቸው፤ ሊለውጡትም የሚችሉት እነርሱ ናቸው።

ጥናቱ የሚጠይቀው መሣሪያ በአብዛኛው በእጅ ያለ ነው። ውድ የሆነው የኤክስሬይ መበተን መለኪያ ባይኖር፣ በማንኛውም የኬሚስትሪ ክፍል የሚገኘው የአልትራቫዮሌትና የሚታይ ብርሃን ስፔክትሮሜትር ብዙ ይናገራል። ፒ3ኤችቲ በሥርዓት ሲደራጅ በብርሃን መዋጥ መስመሩ ላይ በ600 ናኖሜትር አካባቢ ትከሻ ያወጣል፤ ተቻኩሎ የደረቀ ንጣፍ ትከሻው ደካማ ነው። ከልክ በላይ የሞቀ ቅይጥ ደግሞ የፒሲቢኤም ክሪስታሎቹ ስለሚያድጉ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ለቀረው ሰዓት መቁጠሪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የእርጥበት መለኪያና ባሮሜትር ይበቃሉ።

በእነዚህ መሣሪያዎች አንድ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ከአንድ ጠርሙስ ፒ3ኤችቲ፣ በአንድ መጠን በዳይክሎሮቤንዚን የተዘጋጀ ሙሙት በአዲስ አበባና ከባሕር ጠለል በላይ ከ500 ሜትር በታች በምትገኘው ሰመራ ይፍሰስ። የመስታወቱና የሙሙቱ ሙቀት በተቆጣጣሪ ሳህን በሁለቱም ቦታ 30 ዲግሪ ይሁን፤ ንጣፎቹ በተመሳሳይ የተከደነ ሳህን ውስጥ ይድረቁ። ቀለሙ ከብርቱካናማ ወደ ሐምራዊ የተለወጠበት ሰከንድ ይመዝገብ፤ ከዚያም የ600 ናኖሜትሩ ትከሻ ይነጻጸር። ኤሌክትሮድ መለበጥ፣ የፀሐይ ብርሃን ማስመሰያ መብራት ወይም ግሎቭ ቦክስ ለዚህ ደረጃ አያስፈልግም። ሙከራው በአንድ ወሰነ ትምህርት ያልቃል፤ ውጤቱ የትኛውንም አቅጣጫ ቢያሳይ፣ ቀጥሎ በአራት ኪሎ የሚፈተን ፖሊመር ስንት ደቂቃ ተከድኖ መቆየት እንዳለበት የሚነግር የመጀመሪያው ቁጥር ይሆናል።